በአንገት የታሰረው ድብ

ሽማግሌዎቹን የያዘችው መኪና ጌዶ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ መቲ ቶላ በአጎቷ ጓዳ ቆማ አንድ የቆርቆሮ ድብ በጨርቅ ትወለውል ነበር። ድቡ ቀይ ኮት ለብሶ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ ተቀምጧል። ጀርባው ላይ ያለው ቁልፍ ሲሞላ እግሮቹ ፔዳሉን ይመታሉ፤ መሪው ላይ ያለችው ትንሽ ደወል እያቃጨለች ወደ ፊት ይነዳል።

ሳሎኑ ተጠርጎ ወንበሩ ተደርድሯል። ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ ቀን ልቧ በደስታ ይመታል። የመቲም ልብ ይመታ ነበር፤ ግን ደሙን ሊመልስ መንገድ ዳር እንደሸመቀ ሰው ልብ ነው የሚመታው።

ሶፎንያስ ላግባሽ ሲላት አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችው። «ሽማግሌ ብቻ ከላካችሁ አይሆንም። እናትህ ራሳቸው ይምጡ። አንተም አብረህ ና።»

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ወግ የለም» ብሏት ነበር እየሳቀ።

«እኔ ጋ አለ» አለችው። እሱም ያንን የፍቅር ኩራት መስሎት እናቱን ለምኖ አሳመነ።

እናቷ ወርቅቱ የሚመጡት እነማን እንደሆኑ ከሰማች ሰንብታለች። መቲ የሶፎንያስን ስም ስትነግራት ትጮሃለች፣ ወይም ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር። ወርቅቱ ግን «ልጁ ደግ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«ደግ ነው።»

«እንግዲያው ሌላውን ተዪው» አለችና ወደ ከብቶቹ ወጣች። መቲ ይህን ቃል የፈቃድ ቃል አድርጋ ተቀበለችው። እናቴ ውርደቷን ውጣ ኖራለች፤ አሁን ልጇ ታወጣላታለች ስትል አሰበች።

ውርደቱ የደረሰው ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ አዲስ ዓለም ላይ ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወርቅቱ ባሏ ሲሞት፣ ገና የምትታዘል ልጇን ይዛ፣ ወፍጮ ቤትና የጭነት መኪና ካላቸው ከአቶ አሻግሬ ቤት ለሠራተኝነት ገባች። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አስካለች ይባላሉ። ገና በመጀመሪያው ቀን «መቲ ምን የሚሉት ስም ነው፣ ልዩ በሉልኝ» አሉና የልጅቱን ስም ቀየሩት። ወርቅቱንም ወርቄ አሏት። ልዩ እያሉ ጠሯት፣ ልዩ እየተባለች አቤት አለች። አንድ ልጃቸው ሶፎንያስ በዕድሜ ከሷ ትንሽ ይበልጣል። አባቱ ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ያመጣለት የቆርቆሮ ድብ ነበረው። እሱ ወለሉ ላይ ሲነዳው፣ መቲ ደፍ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል ታይ ነበር። መንካት አልተፈቀደላትም።

የኅዳር ጽዮን ሳምንት ከተማው በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ድቡ ጠፋ። ቤቱ ተፈተሸ። ከወርቅቱ ጓዝ ውስጥ፣ በመቲ ቀሚስ ተጠቅልሎ ወጣ። ወይዘሮ አስካለች ወርቅቱን ጉንጯን መቷት። ያ አልበቃቸውም። ሲባጎ አስመጥተው ድቡን አንገቷ ላይ አሰሩና ከግቢው በር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ «ሌባ ናት፣ እወቋት» እያሉ ነዷት። ደወሏ በእያንዳንዱ እርምጃ ታቃጭል ነበር። መቲ ከኋላ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ተከተለች። አውቶቡሱ ጋ ሲደርሱ ድቡን ፈትተው ወሰዱት። ወርቅቱ አንድ ቃል አልመለሰችም።

መቲ አደገች፣ ተማረች፣ አምቦ ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ሆና ተቀጠረች። ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ መስኮት ያንኑ ዓይነት ድብ አየችው።  የገዛችው ልትሰብረው ነበር። ቤቷ ወስዳ ቁልፉን ስትሞላው ግን፣ በልጅነቷ አንድ ጊዜ እንኳ ያልነካችው ነገር በመዳፏ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፤ መስበር አቃታት። ከዚያ ወዲህ የሚዘል እንቁራሪት፣ እህል የምትለቅም ዶሮ፣ ጎማው የጠፋ የእሳት አደጋ መኪና፣ የቆርቆሮ መጫወቻ ባየች ቁጥር መግዛት ጀመረች። የነፈጓትን ልጅነት ከየሱቁ እየለቀመች የምትሰበስብ ይመስል ነበር።

ስልኳ ላይም አንድ የፌስቡክ ገጽ አገኘች፤ «ያኔ በልጅነት» ይላል። ሰዎች የድሮ አውቶቡስ፣ ዳንቴል የለበሰ ሬዲዮ፣ ከሥዕል መጋረጃ ፊት የተነሱት የፎቶ ቤት ፎቶ ይለጥፉበታል። ከሥራ ስትመጣ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ማየት ትወዳለች። አንድ እሁድ የድቡን ፎቶ ለጠፈች። ብዙ ሰው ወደደው። ከአስተያየቶቹ መካከል አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ልክ እንደዚህ ያለ ነበረኝ። አዲስ ዓለም። አባቴ ከጀርመን ያመጣልኝ።» ሶፎንያስ አሻግሬ።

መቲ ስልኩን አስቀመጠችና ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ከዚያ ተመልሳ ጻፈችለት።

ወራት ተጻጻፉ። እሱ አዲስ አበባ የሕንፃ ንድፍ እንደሚሠራ፣ አባቱ እንደሞተ፣ እናቱ አሁንም አዲስ ዓለም እንዳሉ ነገራት። እሷ ስለ አምቦ እንጂ ስለ ቀድሞው ኑሮዋ አልነገረችውም። አንድ ቀን «ድቡን ከማን ጋር ትጫወት ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «ልዩ የምትባል ልጅ ቤታችን ነበረች፤ የሠራተኛችን ልጅ» አላት። «የት ደረሰች?» አለች። ስልኩ «እየጻፈ ነው» ይል ጀመር። እየጻፈ ነው፣ እየጻፈ ነው ሲል ቆየ።  በመጨረሻ የመጣው አንዲት ቃል ናት፦ «ሄዱ።»

ሄዱ። እናቷ በአንገቷ ደወል ታስሮ የተነዳችበት መንገድ በሱ ቤት «ሄዱ» ነው። ያን ቀን ወሰነች። ይወደኛል፤ ከዚያ እናቱን እደጄ ድረስ ያመጣልኛል አለች።

ወደዳት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ አምቦ ይመጣ ጀመር። ያልገመተችው የራሷን ልብ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከምናለሽ ተራ የተሰበረ የቆርቆሮ ባቡር ይዞላት መጣ። አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ፣ መምህርት ዶርቃስ በር ላይ ፈተና እያረመች ሳለ፣ ሁለቱ ባቡሩን ጠረጴዛ ላይ ፈቱት። የዛገውን ሞላ በዘይት እያሹ ጣቶቻቸው ተነካኩ። እሱ ቀና ሲል ዓይኗ ላይ አረፈ፤ እሷ ቀድማ ዓይኗን ሰበረች። ባቡሩ ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ሲሽከረከር ሶፎንያስ እንደ ልጅ ሳቀ። ያ ሳቅ ልቧ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እሱ ከሄደ በኋላ በንዴት አለቀሰች።

ሁሉን የምታውቀው ዶርቃስ ብዕሯን አስቀምጣ አየቻት። «መቲ፣ የምትደግሺው ሠርግ ነው ወይስ በቀል?»

«በቀል።»

«ታዲያ የሚያስለቅስሽ ምንድነው?»

መቲ ባቡሩን አንስታ ቁልፉን መሙላት ጀመረች።

አሁን ያ ቀን መጥቷል። የገበያ ቀን ስለሆነ መኪናዋ ወደ ቤቱ መግባት አቅቷት ከገበያው ማዶ ቆመች። ሽማግሌዎቹ በእግር መጡ። መሪያቸው አቶ በድሉ ናቸው፤ ወይዘሮ አስካለች በነጭ ነጠላ ተጀቡነው፣ ሶፎንያስ ከኋላ። አጎቷ ኦቦ ተሬፋ ደጅ ድረስ ወጥተው «በጋ ነጋን ዱፍተን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ግቡ» እያሉ ተቀበሏቸው። ወርቅቱ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ወይዘሮ አስካለች ቀረብ ብለው ጉንጯን ሳሟት።

«የልጂቱ እናት እርስዎ ነዎት? እንኳን ደስ ያለን።»

«እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ» አለች ወርቅቱ።

መቲ ከጓዳው በር ሆና አየች፣ ሰማችም። አንድ ጊዜ በጥፊ የመቱትን ጉንጭ ሳሙ፤ አላወቁትም። እናቷም ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ «እትዬ» የሚለው ቃል ከአፏ አልጠፋም። የቱ ይበልጥ እንዳቃጠላት መለየት አልቻለችም።

አቶ በድሉ እንደ ወጉ አንቀመጥም አሉ። «ጉዳይ ይዘን መጥተናል። ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን ነው።» ኦቦ ተሬፋ ለምነው አስቀመጧቸውና እንደ ወጉ «ልጅቷም ትሰማ» ብለው ጠሯት።

መቲ ትሪ ይዛ ወጣች። ትሪው ላይ ያለው ድቡ ነው። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው፣ ቁልፉን እስኪጠብቅ ሞላችና ለቀቀችው። ደወሏ እያቃጨለች ድቡ በጠረጴዛው ርዝመት ነድቶ ወይዘሮ አስካለች ፊት ቆመ። በር ላይ የቆመው ሶፎንያስ ፊቱ አመድ መሰለ። እናቱ ግን ፈገግ አሉ።

«ውይ፣ የሶፊን ድብ። ልክ እንዲህ ያለ ነበረው።»

«የሱ የት ደረሰ?»

«እንጃ ልጄ። የልጅ ዕቃ መች ይገኛል።»

«ሠራተኛ ሰርቃው አልነበረም?»

ፈገግታቸው ቀዘቀዘ። «እሱማ... ወርቄ የምትባል ነበረች። ከጓዟ ነው የወጣው። ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እዚያው ነበርኩ። ልዩ የሚሉኝ እኔ ነኝ። ወርቄ ደግሞ አሁን ጉንጫቸውን የሳሟቸው ሴት ናቸው።»

 ወይዘሮ አስካለች ወደ ጥጉ ዞረው ወርቅቱን አዩ።  መቲ ከኪሷ ሲባጎ አወጣች። ድምፅዋ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«ልመናውን ሰምቻለሁ፤ መልሴ ይኸው። ይህን ድብ አንገትዎ ላይ አስርልዎታለሁ። በገበያው መሃል አልፈው መኪናችሁ ድረስ በእግርዎ ይሄዳሉ። ከሄዱ እኔ የልጅዎ ነኝ። ካልሆነ በመጣችሁበት ተመለሱ።»

«ኧረ ልጄ» አሉ አቶ በድሉ፣ «ሽማግሌ ፊት ነሽ እኮ።»

ኦቦ ተሬፋ በሐፍረት አንገታቸውን ደፉ። «መቲ፣ እቤቴ የገባ እንግዳ ነው።»

«ኦቦ፣ እናቴም ከሰው ቤት የገባች ነበረች።»

ወይዘሮ አስካለች ልጃቸውን አዩ።  ከዚያ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ የአንገታቸው ቆዳ የተሸበሸበ፣ ቀጭን ነበር። «ያለኝ እሱ ብቻ ነው» አሉ። «እሰሪው።»

መቲ ይህን አልጠበቀችም። ትሳደባለች፣ ተነስታ ትወጣለች፣ እኔም በሩን እዘጋባታለሁ ብላ ነበር ያሰበችው። ያም ሆኖ እጇ አልቆመም። ሲባጎውን በድቡ ወገብ አሳልፋ ወደ አሮጊቷ አንገት ቀረበች።

«ተዪ» አለች ወርቅቱ።

«ሀርሜ፣ እናቴ፣ ተቀመጪ።»

«ተዪ አልኩሽ።» ወርቅቱ ከጥጉ ወጥታ መሃል ቆመች። «እትዬ አልዋሹም። ድቡ ከጓዜ ነው የወጣው። በቀሚስሽ ጠቅልሎ ያስገባው ግን ሶፊ ነው። በመስኮት አይቼዋለሁ። ዓይንሽ ከዚያ ድብ ስለማይነቀል አሳዝነሽው፣ ሊሰጥሽ ብሎ ነው። ልጅ ነው። ሰው ሳያይ እመልሰዋለሁ ስል ቀደሙኝ።»

መቲ ሲባጎውን እንደያዘች ወደ እናቷ ዞረች። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«የአባቱን ቀበቶ አታውቂውም። ዕቃውን ለገረድ ልጅ ሰጠ ቢባል ገርፎ ይጥለው ነበር። ጡት ከጣለ ጀምሮ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። የኔ ውርደት ያልፋል አልኩ።»

«እኔስ?» አለች መቲ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «ቀሚስሽን ይዤ ከኋላሽ የተከተልኩት እኔስ ልጅሽ አልነበርኩም? የሌባ ልጅ እየተባልኩ እዚያ መንገድ ላይ...»

ወርቅቱ ዓይኗን ብቻ አወረደች።

ሶፎንያስ ከበሩ ተነስቶ መጣ። ዓይኑ መቲን እንጂ ሌላ ሰው አያይም። «እውነት ነው። እናቴ ወርቅዬን ስትመታ እዚያው ቆሜ ነበር፤ እኔ ነኝ የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። የት ደረሰች ብለሽ የጠየቅሽኝ ቀን ሁሉንም ጻፍኩት። ረጅም ነበር። የወደድኳት ሴት ይህን አንብባ ትተወኛለች ብዬ ፈራሁና ሰረዝኩት። ‹ሄዱ› ብዬ ላክሁ። ሁለተኛ ፈሪነቴ ነው።» አንገቱን ዝቅ አደረገላት። «እሰሪልኝ። የኔ ነው።»

አቶ በድሉ ሊከለክሉ ተነሱ፤ መቲ ግን አልዘገየችም። ሲባጎውን አንገቱ ላይ ጠመጠመችና አጥብቃ ቋጠረች።  እያሰረች የትንፋሹን ሙቀት ጉንጯ ላይ ሰማችው፤ የበለጠ አጠበቀችው። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

ወጣ። መቲ ደጁ ላይ ቆማ አየችው። የሽንኩርት ሻጮቹ መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ቀጥሎ አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ በገበያው ተዛመተ። «አብዷል እንዴ?» ይላል አንዱ። የባጃጅ ሾፌሮች ጥሩምባ ነፉለት። የበሬ ነጋዴዎቹ ዱላቸውን ተደግፈው መንገድ ለቀቁለት። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል የደወሏ ድምፅ ወደ መኪናው እየራቀ ሄደ። ይህን ቀን ስታስብ ምንጊዜም «ያኔ አንጀቴ ይርሳል» ትል ነበር። አንጀቷ አልራሰም። ደረቷ ውስጥ ያለው እሳት ማንን እንደሚበላ ያጣ መሰለ፤ እናቱን ይብላ፣ እሱን ይብላ፣ ወርቅቱን ይብላ፣ ራሷን ይብላ አላወቀችም።

ከኋላዋ ወይዘሮ አስካለች ከወንበራቸው ወርደው መሬቱ ላይ ተንበርክከዋል። «ወርቄ» አሉ።

«ወርቅቱ ነው ስሜ» አለች እናቷ በቀስታ። እጃቸውን ይዛ አላነሳቻቸውም፤ አልገፋቻቸውምም።

ኦቦ ተሬፋ ወደ መቲ መጡ። ሽማግሌ ሲመጣ ወይ «ልጅ የለንም» ይባላል፣ ወይ ቀጠሮ ይሰጠዋል። «ምን ልበላቸው?» አሏት።

 «ቀጠሮ ስጧቸው» አለች መቲ። «ቀጠሮው ግን እዚህ አይደለም። አዲስ ዓለም ነው፤ ለኅዳር ጽዮን። ያን ቀን ቆመው ያዩት ጎረቤቶች ባሉበት፣ ወርቅቱ ሌባ እንዳልነበረች እሳቸው በአፋቸው ይንገሩ። እናቴ በሰማችው ድምፅ ልክ፣ ጮክ ብለው። ከዚያ በኋላ መጥተው ይለምኑኝ።»

ወይዘሮ አስካለች ከመሬት ሳይነሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሶፎንያስ መኪናው ድረስ ደርሶ በዚያው ገበያ መሃል ተመለሰ። ደጁ ላይ ፊት ለፊቷ ቆመ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ሲባጎውን ራሱ ሊፈታው አልሞከረም።

«በቃሽ?» አላት።

«አልበቃኝም» አለችው። እውነቷን ነበር። «ገና እቆጣሃለሁ። ምናልባት ለብዙ ጊዜ።»

«አውቃለሁ።»

«ዕንባ ያለህ እንደሆነ እኔ ፊት አታልቅስ። ማየት አልፈልግም።»

«አላለቅስም» አለ፤ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር።

መቲ ቋጠሮውን ፈታችለት። ጠብቆ ስለነበር ጥፍሯ አመማት። ሲባጎው ያለፈበት ቦታ ቀይ መስመር ሠርቷል። እጇ ወደዚያ መስመር ሄደ፣ ቆዳውን ሊነካ ሲቃረብ ቆመ፣ እዚያው አየር ላይ ቀረ። እሱም ወደ እጇ አልተጠጋም፤ አልሸሸምም። ዓመታት ሙሉ ጥላቻዋን ተደግፋ ነበር የቆመችው፤ አሁን ስትፈልገው ቦታው የለም። ንዴቱ አልበረደም፤ ከንዴቱ ሥር ግን ልትገድለው ያልቻለችው ነገር ሞቅ ብሎ ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ ይቅር ማለት ሳትፈልግ ናፈቃት፣ አጠገቧ ቆሞ ሳለ።

እጇን መለሰችና «ግባ፣ እናትህን አንሳቸው» አለችው።